ለአባትሽ ከርኩሚን ከመስጠትሽ በፊት

ሰላም እህቴ። አባትሽ የሳንባ ካንሰር እንደተገኘባቸው ነግረሽን፣ “ከእርድ የሚወጣው ከርኩሚን እንዳይሰራጭ ያደርጋል ይባላል፤ ከመድኃኒታቸው ጋር ልስጣቸው ወይ?” ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እናቴን በዚሁ በሽታ ሳስታምም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ስንት ሌሊት ስልኬ ላይ አፍጥጬ አድሬያለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ዕፅዋት ካንሰር ላይ ይሠራሉ የሚለው ተረት አይደለም። ፓክሊታክሰል የሚባለው የካንሰር መድኃኒት የተገኘው ፓሲፊክ ዩ ከሚባል ዛፍ ቅርፊት ነው። ቪኖሬልቢን የሚባለው ሌላው መድኃኒት መነሻው የማዳጋስካር አበባ ነው። ሁለቱም ዛሬ ለሳንባ ካንሰር ይሰጣሉ። ግን የዛፉ ቅርፊት ለምርምር የተሰበሰበው በ1962 እ.ኤ.አ. ሲሆን መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው በ1992 ነው። 30 ዓመት! ያን ሁሉ ጊዜ የፈጀው ንጥረ ነገሩን ለይቶ ማውጣት፣ በበቂ መጠን ማግኘት፣ ከዚያም መጠኑን፣ ጉዳቱንና ጥቅሙን በሰው ላይ መለካት ነው።

ከርኩሚን እዚያ አልደረሰም። ላቦራቶሪ ውስጥ የካንሰር ሴሎች ላይ ሲጨመር እንቅስቃሴያቸው ይዳከማል፤ ዙሪያቸውን እየሰረሰሩ የሚወጡባቸው ኢንዛይሞችም ይቀንሳሉ። እኔን ተስፋ የሰጠኝ ይኸው ነበር። በአፍ ሲወሰድ ግን ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። አንጀትና ጉበት ቶሎ ይለውጡታል። የሳንባ ካንሰር ታማሚ ላይ ስርጭትን እንደሚገታ አልተረጋገጠም።

ለዚህ መላ ተብሎ ነው ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣው ፓይፐሪን የሚጨመርበት። እኔም የገዛሁት ፓይፐሪን ያለበትን የከርኩሚን እንክብል ነው። ለሐኪሟ ሳልናገር በቀን ሁለት ሁለት እሰጣት ጀመር። ከሳምንታት በኋላ የጉበት ምርመራዋ ከፍ ብሎ መጣ። እናቴ በየቀኑ የምትውጠው የካንሰር ኪኒንም ጉበት ሊነካ ስለሚችል ሐኪሟ እሱን ጠረጠረና አስቆማት። አስቢው፣ ካንሰሩን የያዘላት እሱ ነበር! ነገሩ የታወቀው ነርሷ የመድኃኒት ሣጥኗን ስትከፍት ነው። ክፍሎቹ ጥግ ጥግ ላይ ቢጫ ዱቄት ተጣብቆ ነበር። “ይሄ ምንድን ነው?” አለችኝ። ያኔ ሁሉንም ተናገርኩ። እንክብሉን ስናቆም ጉበቷ ተመለሰ፤ ኪኒኑንም እንደገና ጀመረች። ያለ መድኃኒት ያለፉት ቀናት ግን እስከ ዛሬ ይቆጩኛል።

“ከተክል ነው፣ ቢያንስ አይጎዳም” የሚሉሽን አትስሚ። አባትሽ አጫሽ ነበሩ ብለሻል። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ወንድ አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ ውጤቱ የወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገውን ቤታ ካሮቲን በእንክብል የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በዝቶ ተገኘ። ሴንት ጆንስ ወርት የሚባለው ተክል ደግሞ የጉበት ኢንዛይሞችን ያነቃቃና እንደ ኤርሎቲኒብ ያሉ የሳንባ ካንሰር ኪኒኖች ሥራቸውን ሳይሠሩ ከደም ቶሎ እንዲወጡ ያደርጋል።

ምግብ ውስጥ የሚገባ ትንሽ እርድ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ አያስጨንቅሽ። የምፈራው እንክብሉን ነው። የገዛሽው ካለ የጠርሙሱን ጀርባ ፎቶ አንሺና ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት ለሐኪማቸው ወይም ለፋርማሲስቱ አሳዪ። እዚያው እያለሽ የዕጢው የጂን ምርመራ ተሠርቶ እንደሆነ ጠይቂ፤ ለእናቴ ኪኒኑ የታዘዘላት በዚያ ውጤት ነው። ያሉሽን እዚህ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።