ጡንቻና ዳገት፦ ጂም ለጀመራችሁ የጎንደር ልጆች

ልጆቼ፣

ሰውነቱን መሥራት የጀመረ ልጅ ጥቂት ወራት ቆይቶ «ጡንቻ ስይዝ ዳገት ከበደኝ፤ ልተወው ይሆን?» ማለቱ አይቀርም። ቅሬታው እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ብዙዎች ይስቱታል። የከበደው ጡንቻው ከልቡና ከሳንባው ቀድሞ ስላደገ ነው።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚገኘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። መንገዱ ደግሞ ወይ አቀበት ነው ወይ ቁልቁለት። እስቲ እናስላው። አሥር ኪሎ የጨመረ ሰው 150 ሜትር ከፍታ ሲወጣ፣ ለጭማሪው ብቻ የሚያወጣው ኃይል 15 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ይህ ማንንም አያደክምም። የሚያደክመው ኃይሉ በየደቂቃው የሚፈልገው ኦክስጅን ነው። ሰውነቱ በደቂቃ ቢበዛ 3.5 ሊትር ኦክስጅን የሚጠቀም የ70 ኪሎ ልጅ ለእያንዳንዱ ኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። ሩጫውንና ዳገቱን ትቶ ብረት ብቻ እያነሳ 85 ኪሎ ከገባ ድርሻው ወደ 41 ይወርዳል። ከፒያሳ ወደ ጎሃ ኮረብታ ሲወጣ የሚያለከልከው ለዚህ ነው።

ዳገት ጡንቻን ከቦርጭ አይለይም፤ ሁለቱንም በኪሎ ይመዝናል። ልዩነቱ ጡንቻ ሥራ መሥራቱ ነው። የእግርና የመቀመጫ ጡንቻ ራሱን ይሸከማል፤ ደረትና ክንድ ብቻ ሲያብጥ ግን ቀጭን እግር ላይ የተጫነ ሸክም ይሆናል። (የእግር ቀን ሲደርስ ከጂም የምትጠፉትን አሠልጣኞቻችሁ በስም ያውቋችኋል።) ጥቅሙን በ20 ሊትር ጀሪካን እዩት። በአንድ እጁ 40 ኪሎ ማንሳት ለሚችል ሰው ውኃው የአቅሙ ግማሽ ነው፤ አቅሙ 25 ለሆነው ግን ጫፉ ላይ ነው፣ ወገቡም የሚቀጣው ያኔ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ጡንቻ በራሱ ጊዜ መቀነስ ስለሚጀምር፣ ዛሬ የያዛችሁት ለነገ ስንቅ ነው።

«ጡንቻ ያደርቃል፣ ያግዳል» የሚባለውስ? የሚያግደው አሠራሩ ነው። ቤንች ላይ ተኝቶ ባሩን ወደ ደረቱ ግማሽ መንገድ ብቻ እያወረደ፣ ጀርባውን ሳይሠራ ዓመት የቆየ ልጅ ትከሻው ወደ ፊት ይታጠፋል፤ ሠርግ ላይ እስክስታ ሲሉት ከአንገቱ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ራሳችሁን በሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉ፣ ተረከዛችሁን አንድ መዳፍ ያህል ከግድግዳው አርቁ፣ ክርናችሁን ሳታጥፉ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ። ወገባችሁ ሳይቆለመም አውራ ጣታችሁ ግድግዳውን ከነካ ትከሻችሁ ደኅና ነው። ሁለተኛ፣ ተረከዛችሁ ከመሬት ሳይነሳ ቁጢጥ ብላችሁ ሠላሳ ሰከንድ ቆዩ። ይህ ያቃተው ሰው ስቅለት ዕለት ሲሰግድም፣ ለሶላት ሱጁድ ሲወርድም ይቸገራል። መፍትሔው ክብደቱን ቀንሶ እስከ መጨረሻው መውረድ ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ሰከንድ አውርዱ፣ ለእያንዳንዱ የደረት ሥራ ቢያንስ አንድ የጀርባ ሥራ ጨምሩ። እንዲህ የሚሠራ ሰው ይፍታታል እንጂ አይደርቅም።

ለሳምንቱ የምመክረው ይህ ነው። ሦስት ቀን ብረት። ሁለት ቀን ደግሞ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ዳገት በእግር፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር በምትችሉበት ፍጥነት፤ ቃሉ ከተቆራረጠባችሁ ቀንሱ። ወር ሲሞላ ከሁለቱ በአንዱ ቀን አንድ ደቂቃ ጠንክራችሁ ውጡ፣ በዝግታ ውረዱ፣ ስድስት ጊዜ ድገሙት። ቁልቁለቱን በሩጫ አትውረዱ፤ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ስለሚሠራ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ የሚያስለቅሰው እሱ ነው። ዳገቱን እንደጨረሳችሁ የልብ ምታችሁን 15 ሰከንድ ቁጠሩና በአራት አባዙ፣ ቀስ ብላችሁ እየተራመዳችሁ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ድገሙት። የቀነሰው ከ12 ምት በታች ከሆነ ልባችሁ ገና ሥልጠና ይፈልጋል። ደረት የሚወጋ ወይም ራስ የሚያዞር ከሆነ ግን ጂሙን ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን በቀን ይበቃል፤ ለ70 ኪሎ 112 ግራም ይሆናል። መቶ ግራም ጥሬ ምስር 25 ግራም ገደማ ስላለው በጾም ምስሩን፣ ባቄላውንና ሽሮውን ማብዛት ነው። ሥልጠናው ሳይያዝ የፕሮቲን ፓውደር መግዛት ወጡ ሳይወጠወጥ ወስከምብያው ቁጢጥ ነው። የሆርሞን መርፌውን ግን በቀልድም አታንሱት፤ የዘር ፍሬን ያኮማትራል፣ የልብን ግድግዳ ያወፍራል።

ምቾትን በተመለከተ ጭን ይፋተጋል፣ ሸሚዝ ብብት ላይ ይይዛል፣ ባጃጅ ኋላ ሦስት ሆኖ መቀመጥም ይጠባል፤ ይህ በልብስ ሰፊና በትዕግሥት ያልቃል። አንገታችሁ ከ43 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ማታ የምታንኮራፉና ቀን እንቅልፍ የሚጥላችሁ ከሆነ ግን ጡንቻም ቢሆን በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መተላለፊያን ሊያጠብ ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ታዩ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱም የክንዳችሁ ዙሪያ ከ32 ሴንቲ ሜትር ካለፈ የደም ግፊት ሲለካ ትልቁ መጠምጠሚያ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ፤ የጠበበው ግፊት የሌለበትን ሰው ግፊት አለበት ያሰኛል። በኩላሊት ምርመራ የሚታየው ክሬያቲኒንም ጡንቻ በበዛበት ሰው ላይ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ብረት እንደምታነሱ፣ ክሬያቲን የሚባለውን የጉልበት ፓውደር የምትወስዱም ከሆነ እሱንም፣ ለምርመራ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት።