አየሩን መልሶ ወደ ክፍሉ የሚነፋ ፊውም ሁድ ከመግዛትዎ በፊት

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ለኬሚስትሪ ቤተ ሙከራችሁ ጣሪያ ሳይበሳ፣ ቱቦ ሳይዘረጋ፣ አየሩን በማጣሪያ አጥርቶ እዚያው ክፍል ውስጥ የሚመልስ ፊውም ሁድ (የሙከራ ጋዝና ተን የሚስብ ሳጥን) እንድትገዙ ነጋዴው እንደመከራችሁ ጽፈው፣ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ጎንደር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ይህንኑ ምክር ሰምቼ ከተጎዳሁ በኋላ ነው መላውን ያገኘሁትና እርስዎ ከዚያው ጉድጓድ እንዳይገቡ የደረሰብኝን ልንገርዎ።

1. ሳጥኑ የሚያጣራው በከሰል ነው። ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል የአሴቶንንና የመሳሰሉትን ተን በደንብ ይይዛል፤ አሞኒያንና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ግን ለዚሁ ተብሎ በሌላ ኬሚካል ካልተነከረ በቀር እምብዛም አይዝም። እኛ ለተማሪ የምናሳየው ደግሞ አብዛኛው ከእነዚህ ጋር ነው።

2. ከሰሉ ይሞላል። የእኛው መሙላቱን የሚያስታውቅበት ምልክት አልነበረውም፤ ቬንትሌተሩ እንደ ወትሮው ስለሚዞር ሁሉም ደኅና ይመስል ነበር።

3. ይህን በቁጥር ከምዘረዝር የሆነውን ብነግርዎ ይሻላል። ግንቦት መጨረሻ ነበር፤ ዝናብ ስለጀመረ መስኮቶቹን ዘግተናል። ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የመዳብ ሽቦ ቁርጥራጭ ባልተበረዘ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ጨምሬ ቡናማው ጋዝ ሲወጣ እያሳየሁ ሳለ፣ ከፊት የተቀመጠች ተማሪ በሹራቧ እጅጌ አፍንጫዋን ሸፈነች። ሳጥኑ ከፊት የሳበውን ጋዝ በአናቱ በኩል በልጆቹ ላይ እየመለሰው ነበር። ወዲያው ሁሉንም ወደ በረንዳ አስወጣኋቸው፤ ሁለቱ ሳላቸው አልቆም አለ። የዚህ ጋዝ ጉዳት ከሰዓታት በኋላም ሊነሣ ስለሚችል እስከ ማታ ከጤና ጣቢያ አልተለየሁም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በደኅና ወደየቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ አዲስ ማጣሪያ እንዲገዛ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዤ ግዢውን ወደሚፈጽመው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ዕቃውን የሚያቀርበው ነጋዴ አንድ ብቻ መሆኑን እያወቁ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ አሉኝ። አራተኛ ጊዜ ስመላለስ ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «መስኮት የለህም እንዴ? ለሽታ በጀት አይያዝም» አለኝ። የልጆችን ሳንባ ሽታ ብሎ ማለፍ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኔም ተስፋ ቆርጬ አልተቀመጥኩም። ከወላጆች ኮሚቴ በተገኘ ገንዘብ ከእንጨት ሠሪና ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ሆነን አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ሳጥን ሠራን። አፉ 80 ሴንቲ ሜትር በ40 ነው፤ አየሩ በዚያ አፍ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል እንዲገባ በሰዓት 576 ኪዩቢክ ሜትር የሚስብ ቬንትሌተር ያስፈልጋል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በካታሎግ የተጻፈው የመሳብ ጉልበት እዚህ ይቀንሳልና ከፍ ያለውን ይምረጡ። ቱቦውን 160 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ አደረግነው፤ ቆርቆሮ ቢሆን የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተን ይበላው ነበር። ቬንትሌተሩን በውጭው ጫፍ ላይ አስቀምጡት፤ ያን ጊዜ ቱቦው ቢቀደድ እንኳ የክፍሉን አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ጋዙን አያፈስም። ሞተሩ ራሱ ጋዙ ከሚያልፍበት መንገድ ውጭ ይሁን። መውጫው ከጣሪያው አናት በላይ፣ ከሌሎች ክፍሎች መስኮት የራቀ ይሁን።

የመጀመሪያ ቀን ስንሞክረው በማጨሻ ዕጣን አጢሰን ወደ አፉ አስጠጋነው፤ ጢሱ ግን ትንሽ ገባ ብሎ ወደ እኛ ተመለሰ። ሠራተኛው ቬንትሌተሩ ደካማ ነው አለ። ምክንያቱ ሌላ ነበር፤ በርና መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ስለተዘጋ የሚወጣውን የሚተካ አየር መግቢያ አልነበረውም። በማዶኛው ግድግዳ ከወለሉ ከፍ ብሎ ወንፊት ያለው መግቢያ አስከፈትንና ዕጣኑን እንደገና ስናስጠጋው፣ ጢሱ እንደ ክር ተስቦ፣ ጋደም ብሎ ገባ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ልነግርዎ አልችልም። አሁን በየወሩ በዕጣን እንፈትሸዋለን፤ መብራት ሲጠፋም ሙከራው ወዲያው ቆሞ፣ የሳጥኑ መስታወት ወርዶ፣ ተማሪዎቹ ይወጣሉ።

የከሰሉ ሳጥን በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ የሆነ ንብረት ነው ተብሎ እስካሁን ጥግ ይዞ ቆሟል። እናንተም ነጋዴው ሲመጣ ለአሞኒያና ለናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚሆነው ማጣሪያ የትኛው እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ እንደሚቀየርና መተኪያው በምን ያህል ዋጋ እንደሚቀርብ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት፤ ካልጻፈላችሁ ፕሮፎርማውን አትቀበሉት። የእኛን ሳጥን ልኬት ከፈለጉ ሥዕሉን እልክልዎታለሁ።