የእንደራሴያችንን ረቂቅ ሕጎች እንዴት ላንብብ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የግዛቱ ምክር ቤት እንደራሴያችን ስም በብዙ ረቂቅ ሕጎች ላይ ሰፍሮ አያለሁ፤ ከልብ የቆሙለትን ጉዳይ በምን ልለይ?

መልስ፦ በረቂቁ አናት ከተደረደሩት ስሞች መጀመሪያ የተጻፈው የዋናው አቅራቢ ሲሆን፣ ተከታዮቹ ድጋፋቸውን በስማቸው የገለጹ ናቸው፤ ይህ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ድካም አይጠይቅም። ስለዚህ ስማቸው ቀድሞ የሰፈረባቸውን ይለዩ፤ መደበኛው የምክር ቤቱ ጉባኤ በዓመት ለ90 ቀናት ብቻ የሚቆይ በመሆኑም፣ ረቂቁ ከኮሚቴ ወጥቶ ከተወካዮች ምክር ቤት ወደ ሴኔት መሻገሩን ይከታተሉ። በጽሑፉ ውስጥ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት የሰፈረው በነባሩ ሕግ ላይ የሚጨመር፣ በአራት ማዕዘን ቅንፍ [ ] የታጠረው ደግሞ የሚሰረዝ ነው። አምና ወድቆባቸው ዘንድሮ ደግመው ያቀረቡት ካለ፣ ከሁሉ አስቀድመው እሱን ያንብቡ።