ጥያቄና መልስ፦ ከሲዲ ላይ አጭር ዜማ ቆርጦ ለማውጣት መክፈል አለብኝ?

ሲዲ ሞቷል ሲባል ስንት ዓመታችን! የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ ግን ሌላ ነው የሚሉት። መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጡ ሲዲዎች አሉ፤ ከእነሱ ላይ አጫጭር ዜማ ማውጣት የሚፈልግ ሰው አለ፤ ኪሱ ግን ለሶፍትዌር እሺ አይልም። ደግ ነው። አብዛኞቻችሁ ምንም መግዛት የለባችሁም።

ለልጆች የዳንስ ትርዒት ከተለያዩ ሲዲዎች የ20 እና የ30 ሰከንድ ክሊፖች ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። ያየኋቸው ሶፍትዌሮች ሁሉ ውድ ናቸው። ርካሽ የሚሉት የትኛውን ነው? (የዳንስ አስተማሪ)

ከርካሽም የረከሰ አለ፤ ነፃ።

እህቴ፣ ሥራው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። መጀመሪያ ዘፈኑን ከሲዲው ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ከዚያ የሚፈልጉትን ቦታ መቁረጥ። የሚሸጡት ሶፍትዌሮች ሁለቱን ጠቅልለው ስለሚያቀርቡ ትልቅ ነገር ይመስላሉ። ለየብቻ ሲያዩዋቸው ግን ለሁለቱም ነፃ መሣሪያ ሞልቷል። ለመገልበጡ ፍሬአክ አለ። ለመቁረጡ ኦዳሲቲ ወይም ኦሴንኦዲዮ። ሦስቱም በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራሉ። ኦሴንኦዲዮ ለጀማሪ ቀለል ይላል። ኦዳሲቲ ግን እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያለ ስለሆነ፣ የሚቸግርዎትን ነገር ከእርስዎ በፊት የጠየቀ ሰው አያጡም። እኔ ብሆን እሱን እይዛለሁ።

የሚከፈልባቸው ሶፍትዌሮች ዋጋ የላቸውም ማለቴ አይደለም። ከድሮ ቅጂ ላይ ጫጫታ ለማጥራት፣ ብዙ ትራክ ለማቀናበር የሚሆኑ ጥሩ ጥሩዎች አሉ። የእርስዎ ሥራ ግን መቁረጥ ነው። ለመቀስ ብሎ ስፌት ቤት አይገዛም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። «ነፃ» የተባለው ሁሉ ነፃ አይደለም። አንዳንዱ ለሙከራ ጥቂት ቀን ሠርቶ ይዘጋል። አንዳንዱ ቆርጠው ከጨረሱ በኋላ ሴቭ ለማድረግ ሲሉ «ክፈሉ» ይላል። እኔም አንድ ጊዜ «የዕድሜ ልክ ፈቃድ» የሚል ገዝቼ፣ አዲሱ ቨርዥን ሲወጣ እንደገና ክፈል ተብያለሁ። ዕድሜ ልክ የተባለው የሶፍትዌሩ ዕድሜ ኖሯል! ስለዚህ ከማውረድዎ በፊት የፈቃዱን ዓይነት ያንብቡ። ሲያወርዱም ከሠሪዎቹ ከራሳቸው ገጽ ይሁን። ሌላ ቦታ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ያልጠሩትን እንግዳ አስከትሎ ይመጣል።

ሲዲውን ስከፍት «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» የሚሉ ፋይሎች አየሁ። ኮፒ አድርጌ ፍላሽ ላይ ጫንኳቸው። ግን አይጫወቱም፤ መጠናቸውም 1 ኪሎባይት ነው። ሲዲው ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። አንተ የገለበጥከው ማውጫውን ነው፤ መጽሐፉ እዚያው ሲዲው ላይ ቀርቷል።

ነገርን ከሥሩ ይሏል። የሙዚቃ ሲዲን ሶኒና ፊሊፕስ በጋራ ሲነድፉት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲቀርብም፣ የታሰበው ለሙዚቃ ማጫወቻ እንጂ ለኮምፒውተር አልነበረም። ስለዚህ ላዩ ላይ «ፋይል» የሚባል ነገር የለም። ያለው ከመሃል ወደ ውጭ እየተጠማዘዘ የሚሄድ አንድ ረጅም የድምፅ ክር ነው፤ ከጎኑ ደግሞ እያንዳንዱ ዘፈን የት እንደሚጀምር የሚናገር ማውጫ። ዊንዶውስ ያንን ማውጫ ሲዲኤ በሚል ስም ፋይል አስመስሎ ያሳይሃል። እያንዳንዱ 44 ባይት ብቻ ነው፤ 1 ኪሎባይት ያየኸው ዊንዶውስ ወደ ላይ አጠጋግቶት ነው። ዘፈን 44 ባይት ውስጥ አይገባም።

መፍትሔው ከላይ ያልኩት የመገልበጫ ሶፍትዌር ነው። ድምፁን ከክሩ ላይ አንብቦ እውነተኛ ፋይል ያደርገዋል። ለአንድ ደቂቃ ሙዚቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ቦታ ያዝ። 80 ደቂቃ የሞላ ሲዲ 800 ሜጋባይት አካባቢ ይወስዳል። ማክ የምትጠቀም ከሆነ ግን ዕዳው ገብስ ነው፤ ትራኮቹ እንደ ተራ የድምፅ ፋይል ይታያሉ፣ ጎትተህ ታወጣቸዋለህ።

የቆረጥኳቸው ክሊፖች ሲጀምሩም ሲያልቁም «ጧ» ይላሉ። ሶፍትዌር ልቀይር?

አይቀይሩ። ጥፋቱ የመቁረጫ ቦታው ነው።

ድምፅ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ከመሃል መስመር ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ ሞገድ ሆኖ ነው። ሞገዱ ከፍ ባለበት ላይ ከቆረጡት፣ ስፒከሩ ከዝምታ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ እዚያ ከፍታ ላይ መድረስ አለበት። «ጧ» የሚለው ያ ዝላይ ነው። መቁረጥ ያለብዎት ሞገዱ መሃል መስመሩን በሚያቋርጥበት ነጥብ ላይ ነው። በዓይን መፈለግ አያስፈልግም። ኦዳሲቲ ላይ የሚፈልጉትን ክፍል ከመረጡ በኋላ የዜድን ቁልፍ ይጫኑ። ምርጫው ራሱ ወደ ቅርቡ መሻገሪያ ይጠጋል።

ከዚያ በኋላም መነሻው ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ የምትሆን ፌድ ኢን (ድምፁን ከዝምታ ቀስ እያለ ከፍ የሚያደርግ) ይጨምሩ። ጆሮ አይሰማትም፤ «ጧ»ን ግን ታጠፋለች። መጨረሻው ላይ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ፌድ አውት (ድምፁን ቀስ እያለ ወደ ዝምታ የሚያወርድ) ይበቃል። ከዚያ ካስረዘሙት የ20 ሰከንድ ክሊፕ ገና ሳይጀምር የሚሰናበት ይመስላል።

በሞገዱ ቅርጽ ብቻ ተመርተውም አይቁረጡ። ዘፋኙ ቃሉን ከማውጣቱ በፊት ትንፋሽ ይስባል። ያቺን ትንፋሽ ከቆረጡበት ዘፈኑ ታንቆ የገባ ይመስላል። ምቱ ጎልቶ ለሚሰማ ዘፈን ከመጀመሪያው ምት ልክ በፊት ይጀምሩ። ሄድፎን አድርገው፣ መቁረጫው አካባቢ ያለውን 1 ሰከንድ እየደጋገሙ ያዳምጡ። ከሥራው ሁሉ ጊዜ መውሰድ ያለበት ይሄ ነው። ሶፍትዌር መምረጡ ላይ ሳምንት ያጠፋ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ደቂቃ ሲሰስት ሳይ ይገርመኛል።

አንዱ ክሊፕ ይጮኻል፣ ቀጣዩ ያንሾካሹካል። (ያችው የዳንስ አስተማሪ)

የተለያየ ዘመን ሲዲ ስለሆነ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ ሲዲዎች ቀስ ያለ ድምፅ አላቸው፤ በኋላ የወጡት ደግሞ እስከ አፋቸው የተሞሉ ናቸው። ኖርማላይዝ የሚለው ከፍተኛውን ጫፍ ብቻ ስለሚያስተካክል ብዙም አይረዳዎትም። ኦዳሲቲ ላይ ላውድነስ ኖርማላይዜሽን የሚለውን ይምረጡና ለሁሉም ክሊፖች አንድ ቁጥር ይስጡ። እሱ የሚለካው ለጆሮ የሚሰማውን ነው።

ኤምፒ3 ነበረኝ። ቆረጥኩ፣ ሴቭ አደረግኩ፣ እንደገና ቆረጥኩ። አሁን ድምፁ ከባልዲ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

ኤምፒ3 ሴቭ በተደረገ ቁጥር ጆሮ አያስተውለውም ያለውን ድምፅ እየጣለ ነው የሚያስቀምጠው። ደጋግመህ ስታስጥለው የሚቀረው ባልዲው ነው።

ከሲዲ ስትገለብጥ በዌቭ ወይም በፍላክ አስቀምጥ፤ ሁለቱም ከድምፁ ምንም የማይጥሉ የፋይል ዓይነቶች ናቸው። ፍላክ መጠኑንም ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። በዚያ ላይ እንዳሻህ ቁረጥ። ኤምፒ3 የምታደርገው መጨረሻ ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ሶፍትዌሩ ጥራቱን ሲጠይቅህ፣ 192 ኪሎቢት በሰከንድ ለስልክ ይበቃል፤ ለትልቅ ስፒከር 320 አድርገው። በእጅህ ያለው ኤምፒ3 ብቻ ከሆነ ደግሞ ኤምፒ3 ዳይሬክት ከት የሚባል ትንሽ የዊንዶውስ ሶፍትዌር አለ፤ ነፃ ነው። ፋይሉን እንደ አዲስ ሳይጨምቅ እንዳለ ስለሚቆርጠው ጥራቱ ንቅንቅ አይልም።

በነገራችን ላይ፣ የቆዩ መመሪያዎች «ለኦዳሲቲ ሌም (LAME) የሚባል የኤምፒ3 መሥሪያ ተጨማሪ ፋይል አውርዱ» ይላሉ። ያኔ አብሮ እንዳይመጣ ያደረጉት የኤምፒ3 ፓተንቶች (የፈጠራ ባለቤትነት መብቶች) እ.ኤ.አ. በ2017 አብቅተዋል፤ ዛሬ ሌም አብሮ ይመጣል። አትድከም።

ሲዲዬ ተጭሯል፣ ዘፈኑ መሃል ላይ ይንተባተባል። ላፕቶፔም የሲዲ ማጫወቻ የለውም።

ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ በዩኤስቢ የሚሰካ የሲዲ ድራይቭ ይግዙ።

ለተጫረው ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለውን ይሞክሩ። በዊንዶውስ ይሠራል፣ ነፃ ነው። ጥንቃቄ የተሞላበትን አሠራር ሲመርጡለት እያንዳንዱን ቦታ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ንባቦቹ ካልተስማሙ እንደገና ይሞክራል። አንድ ሲዲ ላይ ረጅም ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ሌላ ሥራ ይሥሩ። ከዚያ በፊት ግን በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት፤ እየዞሩ ሳይሆን ከመሃል ወደ ጠርዝ፣ በቀጥታ። በሥር በኩል ያለው ጭረት ብዙ ጊዜ ይድናል። ጽሑፉ ባለበት በላይኛው በኩል ከሆነ ግን ያስፈራል። ድምፁ የተቀረጸበት ንብርብር ከዚያ ሥር፣ ከስስ ሽፋን በታች ነው ያለው፤ አንዴ ከተላጠ አይመለስም።

ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ የቅጂ መብት አይመለከተውም ይባላል። እውነት ነው?

እንዲህ ያለ አጠቃላይ ሕግ የለም። ወሬው ከየት እንደተነሣ እንጃ፣ ሁሉም ግን ይደጋግመዋል። አንድ ዘፈን ላይ የድርሰቱም የቅጂውም መብት አለ። ማጠሩም ነፃ አያደርገውም። ቤትዎ ቁጭ ብለው ለራስዎ ማዳመጥና ለሕዝብ መልቀቅ ለየቅል ናቸው። ዝርዝሩ ከአገር አገር ስለሚለይ የሚለቁት ከሆነ ያሉበትን አገር ሕግ ይጠይቁ፣ ወይም ባለቤቱን ያስፈቅዱ።

የገለበጥኳቸውን ዘፈኖች ስም በፊደላችን ጻፍኩ። ኮምፒውተር ላይ ይነበባል፤ የመኪናዬ ማጫወቻ ላይ ግን ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የሚታየው።

የሳጥኑ ጥፋት ያንተ አይደለም፤ ማጫወቻው ፊደላችንን የሚያሳይ ፎንት የለውም። ከሳጥን ይልቅ የጥያቄ ምልክትና የተዘበራረቀ ነገር ካመጣ ግን ሌላ ነው፤ ስሙ በድሮው መለያ (ኤምፒ3 ፋይሉ ውስጥ የዘፈኑን ስም የሚይዘው፣ አይዲ3 የሚባለው ክፍል የመጀመሪያ ቨርዥን) ተጽፎ ይሆናል። ያኛው ለአንድ ርዕስ 30 ባይት ብቻ ይሰጣል፤ ፊደላችንንም አያውቅም። ሶፍትዌሩ ውስጥ አይዲ3 ቨርዥን 2.3 እና ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት፣ የእኛንም ጨምሮ፣ የሚያውቀው የአጻጻፍ ሥርዓት) የሚለውን መርጠህ እንደገና ሴቭ አድርግ። ፎንቱ ከሌለ ግን ለመኪናው ብቻ በላቲን ፊደል የተጻፈ ሌላ ኮፒ አዘጋጅ። ወይም እንደኔ «ትራክ 07»ን በቁጥሩ ለምደህ ኑር።