ዝናብ የማያሳልፍ ጣራ በበረዶ ጊዜ ለምን ያፈሳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ፣ አምድዎን ሁሌ ነው የማነበው። ቤታችን ከገባን አራት ዓመታችን ነው። ዝናብ ቢወርድበት ቢወርድበት ጠብ የማይል ጣራ፣ በረዶ ከጣለ ከሳምንት በኋላ ግን የሳሎኑ ኮርኒስ ከውጪው ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቢጫ ውሃ ይጥላል፣ አሁንማ ባልዲ አስቀምጠናል። አምና አንድ ጣራ ሰሪ አምጥተን ሬንጅ ቀብቶ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ፣ ዘንድሮም ያው ነው። ባለቤቴ ጣራው በሙሉ ይቀየር እያለ ነው፣ ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘባችሁን ያዙትና መጀመሪያ ይሄን ስሚኝ። በዝናብ የማያፈስ ጣራ በበረዶ ካፈሰ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከጣራው ስር ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት በኮርኒሱ ቀዳዳ ሾልኮ አቲክ፣ ማለት ከኮርኒሱ በላይ ከጣራው በታች ያለው ባዶ ቦታ፣ ይገባል፣ የጣራውን ኮምፔንሳቶ ከስር ያሞቀዋል፣ ላዩ ላይ የተኛው በረዶ ከታች በኩል መቅለጥ ይጀምራል፣ ውሃው በበረዶው ስር ለስር እየወረደ ክፈፉ ጋ፣ ማለት የጣራው የታችኛው ጠርዝ ጋ፣ ሲደርስ ክፈፉ ከግድግዳው ወጣ ያለ ስለሆነ ሙቀት የለውምና እዛው መልሶ ይረጋል። ዛሬ ትንሽ ነገ ትንሽ እያለ ግድብ ይሰራል፣ አይስ ዳም የሚሉት እሱን ነው። ከዛ በኋላ የሚወርደው ውሃ መሄጃ ያጣል። ሺንግል፣ ማለት ጣራውን የሚያለብሱት ትናንሽ ንጣፎች፣ ደግሞ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ውሃን ቁልቁል ያሳልፋል እንጂ እንደ ጀሪካን የታሸገ አይደለም፣ ውሃ ከተኛበት ሽቅብ በስሩ ይገባና የምስማሩን ቀዳዳ ተከትሎ ኮርኒስሽ ላይ ይወርዳል። ውሃው ከውጪው ግድግዳ አጠገብ የሚታየው ለዛ ነው፣ ሬንጁም ያልሰራው ለዛ ነው።

በረዶ በጣለ ማግስት ውጪ ቁሚና ጣራሽን ከጎረቤቶችሽ ጣራ ጋር አስተያዪው። የነሱ ነጭ ሆኖ ያንቺ ቦታ ቦታ ከተራቆተ፣ ከክፈፉም ረጃጅም በረዶ ከተንጠለጠለ፣ የማሞቂያ ገንዘብሽ በጣራ እየወጣ ነው። ከዛ ባትሪ ይዘሽ አቲክ ግቢ፣ እግርሽን ግን እንጨቱ ላይ ብቻ አሳርፊ፣ ኮርኒሱ አይችልሽም። ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩ መብራቶች ዙሪያ፣ የጭስ ማውጫው ጎን፣ የቧንቧ ቱቦ የሚያልፍበት፣ ራሱ የአቲኩ መግቢያ ክዳን፣ እነዚህን እይ። የሻወር ቤቱን ፋን በተለይ እይልኝ፣ ቱቦው ወደ ውጪ መውጣት ሲገባው አቲክ ውስጥ ተጥሎ የማገኘው ስንት ጊዜ ነው! አንድ ጊዜ ያፈሳል የተባለ ቤት ተጠርቼ ሄጄ አቲክ ስገባ ጣራው ደህና ነው፣ ግን ከላይ የወጣው የምስማር ጫፍ ሁሉ ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኗል፣ የሻወሩ እንፋሎት ነበር እዛ የሚረጋው፣ ቀኑ ሞቅ ሲል ሁሉም በአንዴ ይንጠባጠባል። እነዛ ሰዎች አዲስ ጣራ ሊያሰሩ ውል ሊፈርሙ ነበር፣ እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ቅደም ተከተሉ አይዛባብሽ። መጀመሪያ ቀዳዳ መድፈን፣ ጭስ ማውጫው አጠገብ በላሜራና እሳት በሚችል ማሸጊያ ብቻ፣ ከዛ ኢንሱሌሽን፣ ማለት ሙቀት እንዳይወጣ አቲኩ ወለል ላይ የሚነጠፈውን፣ መጨመር፣ ከዛ አየሩን ማየት። አየር ከክፈፉ ስር ገብቶ በጣራው አናት መውጣት አለበት፣ ስለዚህ ኢንሱሌሽኑ የክፈፉን መግቢያ እንዳይደፍነው። የተለመደው ልክ ከአቲኩ ወለል ስፋት 1/300 ነው፣ ለምሳሌ 90 ካሬ ሜትር ከሆነ 0.3 ካሬ ሜትር የአየር መግቢያና መውጫ፣ ግማሹ ከታች ግማሹ ከላይ። ቀዳዳውን ሳትደፍኑ ኢንሱሌሽን ብቻ ብትከምሩበት ሙቅ አየሩ በውስጡ ያልፋል።

ለአሁኑ ደግሞ መሬት ላይ ቆማችሁ ረጅም እጀታ ባለው የጣራ በረዶ መጎተቻ የታችኛውን አንድ ሜትር ያህል አውርዱት፣ ኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ካለ ተዉት። መሰላል ላይ ወጥቶ በመጥረቢያ መቀጥቀጥ በፍጹም፣ ሺንግሉንም ሰውየውንም ይጎዳል። ተራ ጨው አትበትኑ፣ ብረት ይበላል። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለውን የበረዶ ማቅለጫ ስቶኪንግ ውስጥ ሞልታችሁ ከላይ ወደ ታች ግድቡን አቋርጦ እንዲተኛ ብታደርጉት ለውሃው መውረጃ ቦይ ይከፍትለታል። ኮርኒሱ ውሃ አዝሎ ካበጠ የክፍሉን መብራት ከቆጣሪው አጥፉና ባልዲ አስቀምጣችሁ በትንሹ ብሱት፣ አለዚያ ሙሉው ይወርድባችኋል።

ጥያቄ፦ የኛ ጣራ ግን እውነትም አርጅቷል፣ ሺንግሉ ጫፉ ተጠቅልሏል። ሶስት ሰዎች ዋጋ ሰጡኝ፣ አንደኛው በር አንኳክቶ የመጣ ነው፣ ከሁለቱ በጣም ይረክሳል ግን ዛሬውኑ ፈርም ይላል። እንዴት ልምረጥ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ፈርም የሚልህን በሰላም ሸኘው። የሁለቱን ደግሞ በአንድ ነገር ለካቸው፣ አቲክህን ልይ ያለህ ማነው? በረዶ አገር ላይ አቲክ ሳያይ የጣራ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ሺንግል ሊሸጥልህ ነው የመጣው።

ከዛ ወረቀቱን አንብብ። አሮጌው በሙሉ ይነሳል ወይስ በላዩ ይለብሳል? ካልተነሳ ስሩ የበሰበሰ ኮምፔንሳቶ መኖሩን ማንም አያይም። የበሰበሰ ከተገኘ የአንዱ ጣውላ መቀየሪያ ዋጋ አሁኑኑ ይጻፍ፣ ስራው ተጀምሮ ጣራህ ከተከፈተ በኋላ ዋጋ መከራከር አትችልም። ከክፈፉ ጀምሮ የሚለጠፈው ውሃ የማያሳልፍ ሜምብሬን ከውጪው ግድግዳ የውስጥ ገጽ አልፎ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር መግባት አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚያሳጥሩት፣ ጥቅሉ ብዙ ጊዜ ወደ 91 ሳንቲሜትር ስፋት አለው፣ ክፈፍህ 60 ከወጣ አንድ ረድፍ ግድግዳው ጋ ገና መድረሱ ነው፣ ሁለት ረድፍ ያስፈልግሃል፣ በቁጥር አስጽፈው። ሁለት ጣራ የሚገናኝበት ሸለቆም ይለጠፍበት። ጭስ ማውጫውና ግድግዳው ጋ ያለው ላሜራ አዲስ ይሁን፣ አሮጌውን መልሶ በሲሊኮን መለጠፍ ትልቅ በሽታ ነው። ጭስ ማውጫህ ከ76 ሳንቲሜትር በላይ ከሰፋ በስተኋላው በረዶና ውሃ የሚከፍል ትንሽ ጉብታ ይሰራለት። የቧንቧው ቱቦ ጎማም ይቀየር፣ እሱ ከሺንግሉ ቀድሞ ነው የሚሰነጠቀው።

ኢንሹራንሱን ፎቶኮፒ አትቀበል፣ ማስረጃው ከኢንሹራንስ ድርጅቱ በቀጥታ ይላክልህ፣ ከጣራህ ሰው ቢወድቅ ጣጣው አንተ ጋ እንዳይመጣ። የሺንግሉ ፋብሪካ ዋስትና ሌላ፣ የሰራተኛው የእጅ ስራ ዋስትና ሌላ ነው፣ ሁለተኛው በጽሁፍ ከሌለ የአህያ ባል ነው፣ ከጅብ አያስጥልም። ገንዘቡን በሙሉ ቀድመህ አትስጥ። የሰራቸውን ቤቶች ስትጠይቀው ደግሞ ያምናውን ሳይሆን ሶስት አራት ዊንተር ያለፈባቸውን ስጠኝ በለው፣ ደውለህም ባለቤቶቹን በረዶ ጊዜ እንዴት ነው ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አሁን በብርዱ ማሰር ይቻላል ወይስ እስኪሞቅ ልጠብቅ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ከቻልክ ጠብቅ። ሺንግሉን እርስ በርሱ የሚያጣብቀው የሙጫ መስመር በፀሐይ ሙቀት ነው የሚይዘው፣ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች በራሱ አይጣበቅም፣ ሺንግሉም ይሰባበራል። የግድ ከሆነ እያንዳንዱ ስሩ በእጅ ማጣበቂያ ይደረግለት፣ ያንንም ውሉ ላይ አስጽፍ። የሚያፈሰው አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ግን በሸራ አስሸፍነውና ሰውየውን ከአሁኑ ያዘው፣ በረዶው ሲቀልጥ ሁሉም ሰው ነው የሚደውልለት።