መልስ፦ የሐይቅ ባክቴሪያዎች ቁጥር ለምን አይፈነዳም?
ጠያቂያችን «ባክቴሪያዎች በየጊዜው እየተከፈሉ የሚባዙ ከሆነ፣ ሐይቁ ስለምን በእነርሱ አይሞላም?» ብለዋል። ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ የሚቆየው በምግብ እጥረት ብቻ ሳይሆን ሁለት ገዳዮች ስላሉባቸው ጭምር ነው፤ እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር 10 እጥፍ ያህል የሚበልጧቸው ቫይረሶችና ጅራፍ በሚመስል ጭራ ውሃውን እየቀዘፉ የሚያድኗቸው ባለአንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው።

አዳኞቹ በመጠን ይመርጣሉ። መካከለኛውን ባክቴሪያ በቀላሉ ሲውጡ፣ እጅግ ትንሹ ያመልጣቸዋል፤ እንደ ክር የረዘመውን ደግሞ መዋጥ ይሳናቸዋል፤ በመሆኑም አደኑ ሲበረታ በማይክሮስኮፕ ሥር ክር መሰል ባክቴሪያዎች በርክተው ይታያሉ። ቫይረስ ግን የመጠን ነገር እምብዛም አይገደውም፤ የሚፈልገው በሕዋሱ ገጽ ላይ የሚጣበቅበትን ሞለኪውል ስለሆነ፣ አንድ ዝርያ በበዛ ቁጥር የሚስማማው ቫይረስ በቶሎ ያገኘዋል።

ለእኔ ይበልጥ የሚደንቀው ከሞት በኋላ ያለው ልዩነት ነው። የተበላው ባክቴሪያ ካርቦን በአዳኙ በኩል እስከ ዓሣ ሊደርስ ይችላል፤ በቫይረስ የፈነዳው ግን ይዘቱ ወደ ውሃው ፈስሶ በአብዛኛው የሌሎች ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል።