መብራት ሳይጠፋ ብሎን ለማጥበቅ ለጠየቀኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ቴክኒሻን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የሕንፃው ኃላፊ መብራት አይጠፋም አለኝ። የባስባሩን ብሎን እንዲሁ ባጠብቀው ችግር አለው?» ባስባር ማለት በቦርዱ ውስጥ ዋናውን ኮረንቲ የሚሸከም የመዳብ ዘንግ ነው። ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። በ1994 ዓ.ም. ፒያሳ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ረዳቴ ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። «ተጠንቅቀህ ጨርሰው» አልኩት።

ዋናው ቦርድ 380 ቮልት ነው። ላይ ያሉት ሱቆች ገበያ ላይ ናቸው፤ ኃላፊው ደረጃው ላይ ቆሞ ያጣድፈናል። የልጁ እጅ አልቦት ነበር። መፍቻው አመለጠውና ባስባሮቹ መሀል ወደቀ። ነጭ ብርሃን ዓይኔን ሞላው፤ ድምፁ ደረቴን መታኝ። ጭሱ ሲገለጥ ግድግዳው ጠቁሯል፤ የልጁ ናይለን ሸሚዝ ቀልጦ ክንዱ ላይ ተጣብቋል። ያ ሽታ እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልወጣም።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ሊፍት ቆመ እየተባለ ቅሬታ ሲበዛ፣ የዋናውን ብሬከር (ብልሽት ሲያይ ኮረንቲ የሚቆርጠውን ማብሪያ ማጥፊያ) መዘግየት ወደ ግማሽ ሴኮንድ ያሳደግሁት እኔው ነኝ። ያ ነጭ እሳት አርክ ይባላል፤ በአየር ውስጥ ስለሚያልፍ ኮረንቲው ከሙሉ ሾርት ያንሳል። ስለዚህ ብሬከሩ ወዲያው አልቆረጠም፤ የሰጠሁትን ጊዜ ጠበቀ። ያን ጊዜ ሁሉ እሳቱ ልጁ ላይ ነበር።

ዛሬ የብርሃን ሴንሰር ያለው የአርክ መከላከያ ሪሌይ፣ ማለትም ብሬከሩን ቁረጥ ብሎ የሚያዝ መሣሪያ፣ አለ። ብልጭታውንና የኮረንቲውን ማሻቀብ አንድ ላይ ሲያይ በጥቂት ሚሊሴኮንድ ውስጥ ትእዛዝ ይሰጣል። ብሬከሩ ቆርጦ እስኪጨርስ ከ0.1 ሴኮንድ ብዙም አያልፍም። የአርክ ጉልበት በቆየበት ጊዜ ልክ ነው የሚያድገው። ባለ ሕንፃዎች ለእብነ በረድ የማይሰስቱትን ገንዘብ ለዚህ ሲሆን መከራከራቸው ያናድደኛል።

እናንተ ወጣት ቴክኒሻኖች ከእኛ ይልቅ ታነባላችሁ። ግን ትቸኩላላችሁ፤ ቴስተር ሳታስነኩ ፎቶ ታነሳላችሁ። ኮረንቲ ያለበትን ቦርድ በፍጹም አትክፈቱ እላለሁ። እርግጥ ቮልቴጅ ለመለካት የግድ ይከፈታል፤ እኔም ከፍቻለሁ። ያኔ ለአርክ የተሠራ ልብስና የፊት መከለያ ይኑራችሁ።

ለደወለልኝ ልጅ እንዲህ አልኩት፦ «አጥፋ። ቆልፍና ቁልፉን ኪስህ ክተት። ቴስተሩን መጀመሪያ ኮረንቲ ባለበት ሞክረው፣ ከዚያ ለካ። ኃላፊው ከጮኸ ስልኩን ለኔ ስጠው።»

ያ ሕንፃ ዛሬ የለም፤ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ሄደ። ረዳቴ ግን አለ። ለበዓል ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደውለው እሱ ነው። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስቶብኝ አያውቅም።